ዶሮዋ ከአጥንቷ ስትሰጥ

«ዶሮ ብታልም ጥሬዋን» ይባላል። አባባሉ ስለ ሰው ምኞት የተነገረ ነው፤ እኔ ግን ለረጅም ጊዜ ስለ ዶሮም እውነት ይመስለኝ ነበር። ጥሬ ካገኘች ሌላ ምን ትፈልጋለች እል ነበር። ዛሬ የማወጋችሁ ይህ ሐሳቤ ዶሮዎቼን ምን እንዳስከፈላቸው ነው።

ልጅ ሳለሁ የእናቴ ዶሮ ጠዋት ከቆጥ ስትወርድ እከተላት ነበር። መጀመሪያ እናቴ የበተነችላትን ማሽላ ትለቅማለች። ከዚያ ወደ ፍጉ ክምር ትሄዳለች፤ በሁለት እግሯ ጫር ጫር ታደርግና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብላ፣ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ታያለች። ትሉን ነጥቃ ትውጣለች። ቀጥላ ከአጥሩ ሥር ለምለሙን ሣር ትነጫለች፤ ኩይሳ የፈረሰ እንደሆነ ምስጡን አንድ ሳታስቀር ትለቅመዋለች። ወደ ማታ ደግሞ ከግድግዳው ሥር ጠጠርና አፈር ስትጭር ትቆያለች። እኔ ጨዋታ ይመስለኝ ነበር። ለካስ ጉልበት ከጥሬው፣ ሥጋና ላባ የሚሆነውን ፕሮቲን ከትሉ፣ ቫይታሚን ከሣሩ፣ ማዕድን ከአፈሩ እየሰበሰበች ነው። ማንም ሳይመዝንላት ገበታዋን ራሷ ታሟላ ነበር።

እኛ የከተማ ሰዎች ዶሮን አጥር ውስጥ ስንዘጋ ያንን ገበታ ሁሉ ነው የዘጋንባት። የሌማት ትሩፋት የተባለው መርሐ ግብር በኅዳር 2015 ዓ.ም. አርባ ምንጭ ላይ ከተጀመረ ወዲህ በየጓሮው ስለ ዶሮ ብዙ ሲወራ እሰማለሁ። አብዛኛው ወሬ ስለ ዝርያ ነው፤ ቦቫንስ ይሻላል ወይስ ሳሶ? ስለ መኖው የሚጠይቅ ጥቂት ነው። የሐበሻ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 ያህል እንቁላል ትጥላለች። ቦቫንስ ብራውን በደንብ ከተያዘች ከ300 በላይ ልትጥል ትችላለች። ይህን ሁሉ እንቁላል የምታወጣው ካስገባንላት ነገር ነው።

እኔ አራት የቦቫንስ ቄቦች ገዛሁ። በቆሎና የእንጀራ ድርቆሽ ሰጠኋቸው። ሆዳቸው ሞልቶ ስለማይ ደህና የመገብኩ መስሎኝ ነበር። ሁለት ወር ያህል ጣሉልኝ። አንድ ቀን ጠዋት እጄን ወደ ጭዱ ሰድጄ እንቁላል ሳነሳ ጣቴ ሰረገደ። ቅርፊት የለውም፤ በስስ ቆዳ የተያዘ፣ ለብ ያለ፣ መዳፌ ላይ ቅርጹን የሚለዋውጥ ነገር ነው። በሳምንቱ አንደኛዋ ተቀምጣ መነሳት አቃታት። ምግብ ሳስጠጋላት ትበላለች፤ እግሯ ግን አይሸከማትም።

አንድ የእንስሳት ባለሙያ መጥቶ አያት። ነገሩን ሲያስረዳኝ የተናገረው እስከ ዛሬ አይረሳኝም፤ «ከአጥንቷ እየቀነሰች ነው የሰጠችህ» አለኝ። አንድ የእንቁላል ቅርፊት 2 ግራም ያህል ካልሲየም አለው። ቅርፊቱ በአብዛኛው የሚሠራው ሌሊት፣ እሷ ቆጥ ላይ ተኝታ ሳለች ነው። በዚያ ሰዓት አንጀቷ ውስጥ ካልሲየም ከሌለ ሰውነቷ ከአጥንቷ ይወስዳል። በቆሎ ደግሞ ካልሲየም የለውም ቢባል ይቀላል። ያቺ ዶሮ አልተረፈችም።

ፕሮቲኑም እንደዚያው ነው። በቆሎ ከ8 እስከ 9 በመቶ ቢኖረው ነው፤ ጣይ ዶሮ ግን ከ16 እስከ 18 በመቶ ትፈልጋለች። ሲጎድልባት እንቁላሉ ያንሳል፤ ዶሮዎቹ እርስ በርስ ላባ መነቃቀል ሊጀምሩም ይችላሉ።

ወረቀትና እስክሪብቶ የያዛችሁ ጻፉልኝ። ለ10 ኪሎ የጣይ ዶሮ መኖ የተከካ በቆሎ 5 ኪሎ፣ የታመሰ አኩሪ አተር 2 ኪሎ፣ የኑግ ፋጉሎ 1 ኪሎ ከ200 ግራም፣ የስንዴ ፉርሽካ 800 ግራም፣ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ 900 ግራም፣ ጨው 30 ግራም። በዚህ ላይ ፕሪሚክስ የሚባለው የቫይታሚንና የማዕድን ድብልቅ፣ ማሸጊያው ላይ በተጻፈው ልክ ይጨመራል። አንዲት ዶሮ በቀን ከ100 እስከ 120 ግራም ስለምትበላ ለአራት ዶሮ ሦስት ሳምንት ያህል ይበቃል። አደራ የምላችሁ፣ ኖራ ስል ቤት የሚቀባበትን ማለቴ አይደለም፤ እሱ ያቃጥላል። አኩሪ አተሩም እንደ ቆሎ ምጣድ ላይ ካልታመሰ ጥሬው ፕሮቲን እንዳይፈጭ ያግዳል።

አንድ ልማዳችን በጣም ያሳዝነኛል። በቆሎው ወይም ፋጉሎው ሲሻግት «ለዶሮ ይሁን» እንላለን። ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊይዝ ይችላል፤ የዶሮዋን ጉበት ይጎዳል። ለእኛ የማይሆን የሻገተ እህል ለእሷም አይሆንም። የጨው ብዛት ያለበት የወጥ ትራፊም፣ የአቮካዶ ልጣጭና ፍሬም እንዲሁ ይቅርባት። የጣይ መኖ ለጫጩት አይሰጥም፤ የካልሲየሙ ብዛት ኩላሊቷን ይጎዳል። ጫጩት የራሷ መኖ አላት።

ገበያ ስንወጣ የሐበሻ እንቁላል ብለን ተጨማሪ እንከፍላለን፤ አስኳሉ ቢጫ ነው፣ የፈረንጁ ነጣ ያለ ነው እንላለን። ቀለሙ ግን የሚመጣው ከምትበላው ነው። የሐበሻዋ ሣር ስለምትነጭ ነው አስኳሏ የሚደምቀው። እኔ ለቀሩት ሦስት ቦቫንሶች ጎመንና አልፋልፋ በገመድ አስሬ አንጠለጠልኩላቸው። እየዘለሉ ሲነጩት ማየት ራሱ ደስ ይላል። ከሁለትና ሦስት ሳምንት በኋላ የሰበርኩት እንቁላል እናቴ ቤት የማውቀው ቢጫ ሆነ።

ውኃ ደግሞ ከሁሉ በላይ ነው። አንዲት ዶሮ በቀን ሩብ ሊትር ያህል ትጠጣለች፤ በሙቀት ጊዜ ከዚያም ትበልጣለች። የእንቁላሉ ሦስት አራተኛ ያህል ውኃ ነውና አንድ ቀን ሲነጥፍባት መጣል ልታቆም ትችላለች።

በጓሯችሁ ዶሮ ያላችሁ አድማጮቼ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። የበላችሁትን እንቁላል ቅርፊት አትጣሉት። ቀቅሉት፣ አድርቁት፣ እንቁላል መሆኑ እስኪጠፋ ድረስ አድቅቁት፤ አለዚያ የራሷን እንቁላል መብላት ትለምዳለች። ከዚያ ነገ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ፣ ወደ ቆጧ ሳትወጣ፣ ከመኖው ለይታችሁ በጣሳ አስቀምጡላት። የሚበቃትን ራሷ መርጣ ትወስዳለች።