ሕመም የማይሰማው እጅ

አቅራቢ 1፦ ሥጋ ደዌ ጣት ይቆርጣል ሲባል ሰምተሃል አይደል?

አቅራቢ 2፦ ያልሰማ ማን አለ! ግን ጣት የሚቆርጠው የበሽታው ባክቴሪያ ራሱ አይደለም፤ እሱ የሚያጠቃው ነርቭን ነው።

አቅራቢ 1፦ እስቲ ከጤነኛው ነርቭ ጀምርልን።

አቅራቢ 2፦ የጋለ ምጣድ ስትነኪ፣ ጣትሽ ላይ ያለው የነርቭ ሕዋስ በሮቹን ይከፍትና ሶዲየም ወደ ውስጥ ይጎርፋል። የሚፈጠረው የኤሌክትሪክ ለውጥ እንደ ሰደድ እሳት እየተቀጣጠለ እስከ ህብለ ሰረሰር ይዘልቃል። እዚያ የነርቭ ሕዋሱ ክር ያልቃል፤ ቀጣዩ ሕዋስ ከጠባብ ክፍተት ማዶ ነው። ክፍተቱን ተሻግሮ መልእክቱን የሚያደርሰው ኬሚካል ነው። የመሸሹ ትእዛዝ ከዚያው ከህብለ ሰረሰር ስለሚወጣ፣ እጅሽ የሚሸሸው አንጎልሽ ማቃጠሉን ሳያውቅ ነው።

አቅራቢ 1፦ መጀመሪያ መሸሽ፣ ኋላ "ውይ!" ማለት።

አቅራቢ 2፦ አዎ! የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ ግን የነርቩን ክር የሚሸፍኑትን ሕዋሶች ይወርራል። መልእክቱ ይቋረጣል። እጅ ይቃጠላል፣ እግር እሾህ ይወጋዋል፣ ባለቤቱ ግን አይሰማውም። ቁስሉ ያመረቅዛል፤ ጣት የሚጎዳው እንዲህ ነው።

አቅራቢ 1፦ ሰው ግን ዛሬም "እርግማን ነው" ይላል። በጣም ያናድደኛል።

አቅራቢ 2፦ ከ6 እስከ 12 ወር በሚወሰድ መድኃኒት የሚድን በሽታ እኮ ነው! አድማጮቻችን፣ ቆዳችሁ ላይ ነጣ ወይም ቀላ ያለ፣ ሲነካ የማይሰማ ምልክት ካያችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ጤና ጣቢያ ሂዱ። መድኃኒቱ በነጻ ነው።