ዒላማ ተኩስ እንደ መዝናኛ፤ ከምላጩ በፊት አማናው

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይሁን። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሐቦቻቸው ላይ ይውረድ።



በአሜሪካ የሚኖሩ አንዳንድ ወጣቶቻችን በሽጉጥ ዒላማ የመምታት ውድድርን እንደ መዝናኛ መጀመር ይሻሉ። ወላጆች ደግሞ የመሣሪያን ስም ሲሰሙ ልባቸው ይደነግጣል። ወጣቱ ፍላጎት አለው፤ እናትና አባትም የሚሰጉበት ምክንያት አላቸው። ታዲያ ዲናችን በዚህ ላይ ምን ያስተምረናል?

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የአስለም ጎሣ ሰዎች ቀስት ሲወዳደሩ አግኝተው እንዳበረታቷቸው፣ አባታቸው ኢስማዒልም (ዐ.ሰ.) ቀስተኛ እንደነበሩ እንዳስታወሷቸው ቡኻሪ ዘግበዋል። ስለዚህ ዒላማ መምታትን መማር በራሱ ነውር አይደለም። ግን እኚሁ ነቢይ ቀስት ይዞ በመስጂድ ወይም በገበያ የሚያልፍ ሰው ማንንም እንዳይወጋ ጫፉን በእጁ እንዲይዝ አዘዋል። በወንድም ላይ መሣሪያ ማነጣጠርን ከልክለዋል፤ ሸይጧን ከእጁ ሊያስፈተልከው ይችላልና። ነፍስ ያለውን እንስሳ ለመጫወቻ ዒላማ ማድረግንም ከልክለዋል። እንግዲህ ችሎታው የተወደደው ከነአደቡ ነው።

አሁን ወደ ስፖርቱ እንምጣ። ይህን ውድድር በዓለም ደረጃ የሚመራው ኮንፌዴሬሽን በ1976 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት፣ ኮሎምቢያ ከተማ ተመሠረተ። ተወዳዳሪው አንድ ቦታ ቆሞ ብቻ አይተኩስም፤ ከቦታ ቦታ እየተንቀሳቀሰ የካርቶንና የብረት ዒላማዎችን ይመታል። ያገኘው ነጥብ በፈጀበት ሰከንድ ይካፈላል። 100 ነጥብ በ20 ሰከንድ ያገኘ ውጤቱ 5 ነው፤ 90 ነጥብ በ15 ሰከንድ ያገኘ ግን 6 ይሆንለታል። ዒላማውን የሳተ ደግሞ በእያንዳንዱ ስህተት 10 ነጥብ ይቀነስበታል። ስለዚህ መፍጠን ብቻ አያዋጣም፤ እጅግ መዘግየትም አያዋጣም።

ከሁሉ በላይ የሚጠበቀው ደህንነት ነው። ዳኛው ሳያዝ ሽጉጥ አይጎረስም። አፈሙዙ ከተፈቀደው አቅጣጫ አይወጣም። ሲራመዱና ጥይት ሲቀይሩ ጣት ከምላጩ ይርቃል። ሽጉጡ ከእጁ የወደቀበት ወይም ሳያስበው የተኮሰ ሰው፣ የዓለም ሻምፒዮን ቢሆን እንኳ፣ ከውድድሩ ይሰናበታል።

ወንድሜ፣ እህቴ፤ መጀመር ካሰባችሁ በመጀመሪያ ሕጉን እወቁ። በአሜሪካ ሕግ መሠረት ሕጋዊ የመኖሪያ ፈቃድ የሌለው ሰው መሣሪያ መያዝ አይችልም፤ በተማሪነት ወይም በጎብኚነት ቪዛ የገባም ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር አይፈቀድለትም። የየግዛቱም ሕግ ይለያያል። በይሉኝታ ተይዞ ለጓደኛ በራስ ስም መሣሪያ መግዛት ደግሞ ከባድ ወንጀል ነው፤ ቤተሰብን ያፈርሳል።

ሁለተኛ፣ መሣሪያ ከመግዛታችሁ በፊት ባዶ እጃችሁን ሄዳችሁ አንድ ውድድር ተመልከቱ። የተበሱ ዒላማዎችን በመለጠፍ አግዙ፤ ሕጉን በዓይናችሁ ትማራላችሁ። ቀጥሎ ከአሠልጣኝ ዘንድ የደህንነት ትምህርት ውሰዱ። ለጀማሪ አንድ የ9 ሚሊ ሜትር ሽጉጥ፣ ምላጩን የሚሸፍን ማህደር፣ ጠንካራ ቀበቶ፣ ጥቂት ትርፍ ካዝና፣ የዓይንና የጆሮ መከላከያ ይበቃዋል። ወጪው ግን በዚህ አያበቃም፤ ጥይት በየጊዜው ይገዛል። የቤት አስቤዛ ጎድሎ ጥይት መግዛት ኢስራፍ ነው።

ሦስተኛ፣ ከተኩስ የሚወጣው የእርሳስ ብናኝ መርዝ ነው፤ በተለይ ሕፃናትን ይጎዳል። ስለዚህ ከሜዳው ስትመለሱ ዉዱእ ብቻ አይበቃም፤ ምግብ ከመንካታችሁ በፊት እጅና ፊታችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ ልጆቻችሁን ሳታቅፉም ልብሳችሁን ቀይሩ። ውድድሩ ዙህርን ሊያገኘው ስለሚችል ቦታና ሰዓቱን አስቀድማችሁ አስቡበት፤ በተራና በተራ መሐል ለመስገድ ጊዜ አይጠፋም። ሐዲስ በቀስት፣ በፈረስና በግመል ውድድር ሽልማትን ፈቅዷል፤ ተመልካች በተወዳዳሪ ላይ የሚያስይዘው ገንዘብ ግን ቁማር ነው።

በመጨረሻም፣ ትልቁ ፈተና ያለው ሜዳው ላይ ሳይሆን ቤት ውስጥ ነው። ሽጉጡ ጥይቱ ወጥቶ በቁልፍ ይቀመጥ፤ ጥይቱም ለብቻው ይቆለፍ። ትራስ ሥር ወይም ቁም ሣጥን ላይ መደበቅ ጥበቃ አይደለም፤ ልጅ የማያገኘው ድብቅ ቦታ የለምና። ቶሎ የሚቆጣ፣ ወይም በቤቱ በከባድ ሐዘንና ጭንቀት ውስጥ ያለ ሰው ያለበት ቤተሰብ መሣሪያ ባያስገባ ይሻለዋል። ይህን መዝናኛ መተው ጉዳት የለውም፤ የጠፋች ነፍስ ግን አትመለስም። ወላጆችም ዝም ብላችሁ አትከልክሉ፤ ቁልፉ የት እንዳለ፣ ማን እንደሚይዘው ጠይቁ። መልስ የሌለው ወጣት ገና አልተዘጋጀም።

አላህ (ሱ.ወ.) እጃችንን ከበደል፣ ልጆቻችንንም ከአደጋ ይጠብቅልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።