ከግጭ የወረዱ ጎረቤቶቻችንና የእድራችን መዝገብ
(በጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



 እኛ ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ያላለፍን፣ ዕድሜያችንን በመዝገብ ቤት የጨረስን ሰዎች ነን። ዛሬ የምንናገረው ከቀየው ተነሥቶ የመጣ ሰው አዲሱን አገር ለመልመድ ልቡን የሚያነሣሣው ምንድን ነው በሚለው ላይ ነው።

ለዚህ ሩቅ አንሄድም። የግጭ ሰዎች በ2008 ዓ.ም. ወደ ደባርቅ ሲወርዱ ሁላችንም አይተናል። የስሜን ተራሮች ፓርክ በ1962 ዓ.ም. ተቋቋመ። በ1989 ዓ.ም. ለዋልያውና ለቀይ ቀበሮው ስለተሰጋ አደጋ ካንዣበበባቸው የዓለም ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ ከዚያም የወጣው በ2009 ዓ.ም.፣ ግጭ በተነሣ በዓመቱ ነው። ይህ ለአገር ትልቅ ደስታ ነው። ዳሩ ግን ደስታው የግጭን ሰው ምን እንዳስከፈለው ጉባኤው ይመዝን።

ግጭ 3,600 ሜትር አካባቢ ላይ ያለ ውርጭ አገር ነው። ሰውየው እዚያ ገብስ ያርሳል፣ በግ ያረባል። ሰው ሲሞትበት ማንን ልጥራ ብሎ አይጨነቅም፤ ጩኸቱን የሰማ ሁሉ ዘመዱ ነው። ወደ ከተማ ሲወርድ የካሣ ገንዘብና የቤት መሥሪያ ቦታ ተሰጠው። ገንዘብ ለገበሬ ምኑ ነው? ገብስ ቢዘሩት ይበቅላል፤ ብር ግን እየተቆጠረ ያልቃል። ለቆርቆሮና ለሚስማር ወጣ፣ የቀረው ቀለብ ሆነ። ጎተራ የነበረው ሰው እህል በኪሎ ይገዛ ጀመር።

በአንዳንድ ጠላ ቤት «ካሣቸውን በልተው ቁጭ አሉ፣ ሰነፎች ናቸው» ሲባል እንሰማለን። ይህ ትክክል አይደለም። በአንድ ጣራ ሥር ያሉትን አባትና ልጅ እንይ። ካሣው አንድ ነው፣ ቤቱም አንድ ነው። ልጁ ትምህርት ቤቱ ቀረበለት፣ መብራት አገኘ፣ ነገ ባጃጅ እነዳለሁ ብሎ ያስባል። አባትየው ግን የሚያውቀው ሙያ በሙሉ ተራራው ላይ ቀረ። በሬ ማረስ፣ የውርጭ ሌሊት ማወቅ፣ በግ መለየት፣ ይህ ሁሉ ከተማ ውስጥ የሚጠይቀው የለም። ስለዚህ ጉልበቱ ሳይደክም ልቡ ደከመ። ስንፍና ይህ ከሆነ እኛንም ጡረታ የወጣን ዕለት ሰነፍ ይበሉን።

እንግዲህ ፍላጎት ያለው ሰው ብቻውን ይበቃዋል ወይ? አይበቃውም። ከዚሁ ከወገራና ከስሜን የሄዱትን ቤተ እስራኤሎች እናስታውስ። ለኢየሩሳሌም ከነበራቸው ናፍቆት የበለጠ ፍላጎት ከየት ይመጣል? በሱዳን በኩል በእግር ሲጓዙ ብዙ ሰው በመንገድና በመጠለያ ሞቶባቸዋል። የደረሱት ግን የሃይማኖት ሹማምንቱ ይሁዲነታቸውን ተጠራጥረው የመንጻት ሥርዓት ፈጽሙ አሏቸው። በ1978 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በኢየሩሳሌም በዋናው የራቢዎች ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ተቀምጠው አንድ ወር ያህል ተቃውመዋል። እንዲህ ያለውን ፍላጎት እንኳ በር ላይ የተቀበለው ሰው አነጋገር ያቆስለዋል ማለት ነው።

ጆን ቤሪ የተባለ የካናዳ የሥነ ልቦና ሊቅ መጤውን ሁለት ነገር ይጠይቀዋል፤ የራስህን ባህል መያዝ ትፈልጋለህ? ከአገሬው ጋርስ መቀላቀል ትፈልጋለህ? ሁለቱንም የያዘው ይሻለዋል ባይ ነው። ሁለቱንም ያጣው በጣም ይጎዳል። አገሬው በሩን ካልከፈተ መጤው ሁለቱን ሊይዝ እንደማይችልም ይናገራል።

ዳባት አጠገብ ዓለምዋጭ የሰፈሩት ኤርትራውያን ስደተኞች ነገር ደግሞ ለየት ይላል። በ2014 ዓ.ም. ከትግራይ መጠለያዎች ሸሽተው ነው እዚያ የሰፈሩት። ብዙዎቹ ልባቸው ሦስተኛ አገር ላይ ነው፤ ዓይኑ መንገድ ላይ ያለ ሰው ደግሞ ባሕር ዛፍ አይተክልም። የግጭ ሰው ግን መሄጃ የለውም፣ እዚሁ ይኖራል፣ እዚሁ ይሞታል።

ወደ እድራችን እንመለስ። እድር ራሱ የመጤ ሥራ ነው። በከተማ የተስፋፋው ከየገጠሩ የመጣው ሰው ዘመድ ርቆበት ቀባሪ እንዳያጣ ነው። እኛም ከጃናሞራ፣ ከአዲአርቃይ፣ ከዳባት መጥተን አይደለም ወይ የተመዘገብነው? ታዲያ ዛሬ የመግቢያችን ክፍያ ድንኳኑም፣ ድስቱም፣ አግዳሚውም ተተምኖ በአንድ ጊዜ ይከፈል ስለሚል የግጭ ሰው በሩ ላይ ቆሟል።

«በነጻ ይግቡ» የሚሉ ደጎች አሉ። እኛ አንስማማም። በነጻ የገባ ሰው እንግዳ ሆኖ ይቀራል፣ ለቅሶ ቤትም አንገቱን ይደፋል። ይልቅ መግቢያውን በ12 ወር ከፋፍለው ይክፈሉ፤ ድንኳን በመትከል፣ ውኃ በመቅዳት ተራ ይግቡ። በአገራቸው ስንቱን ያስታረቁ ሽማግሌዎች አሏቸውና ከሽማግሌዎቻችን ጋር ሁለት ይቀመጡልን። አብዛኞቹ ሙስሊሞች መሆናቸውን የሚያነሣ አለ። መቃብሩ ለየብቻ ነው፤ ድንኳኑና አግዳሚው ግን የማን ሃይማኖት እንደሆነ አይጠይቅም። ድስቱንና ሰሃኑን በተመለከተ ለየብቻ ይገዛ ካሉም ተገቢ ነው፣ ዋጋውን እናስብበት።

ስለዚህ ስለ መግቢያ የሚናገረው የደንባችን አንቀጽ ዛሬውኑ ለድምፅ እንዲቀርብ እንጠይቃለን። ምዝገባው ለጸሐፊያችን ሥራ ከበዛባቸው፣ እሑድ እሑድ መጥተን እኛ እንጽፋለን።