ጫፏ ላይ ያለችው ስንጥቅ

ከጊቫት ሃሞሬ ነኝ፤ ዛሬ ስለ ብዕር ላውራችሁ። አትሳቁ እንጂ!

የጃፓኑ ፓይለት ኩባንያ «ካስተም ካኤዴ» የሚባል፣ አካሉ ከሜፕል ዛፍ እንጨት የተሠራ ብዕር አለው። የእንጨቱ መስመር እንደ ጣት አሻራ ነው፣ የአንዱ ከሌላው አይገጥምም። የወርቅ ጫፉ መሐል ቀጭን ስንጥቅ አለች፤ ቀለሙ በሷ ይወርዳል። ልገዛው ገንዘብ እያጠራቀምኩ ነው።

ፎቶውን ለአያቴ ባሳያቸው «ይቺማ የኛዋ ብርዕ ናት» አሉኝ። ጎንደር ሳሉ አባታቸው ኦሪት ሲገለብጡ እያዩ ነው ያደጉት። መቃ ይቆረጣል፣ ጫፉ በቢላ ይሾላል፣ መሐሉ ይሰነጠቃል። ቀለሙ ከጥላሸትና ካረረ እህል ተበጥብጦ ለወራት ይቀመጣል። ብራናው የፍየል ወይ የበግ ቆዳ ነው። (ብርዕ ማለት ራሱ በግዕዝ መቃ ነው፤ እኔ የት አውቄ!)

እሑድ ከሰፈር ወርደን ከውኃ ዳር መቃ ቆረጥን። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ሁለቱ እስከ ታች ተሰነጠቁባቸው። ሦስተኛው ሆነ። «ስምሽን ጻፊ» አሉኝ። በዕብራይስጥ ጀመርኩ። «በፊደላችን እንጂ!»

የስሜ መጀመሪያ ሃሌታው ሀ ይሁን ሐመሩ ሐ ጠፋኝ። ዝም አልኩ። ብርዑን ከእጄ ወስደው ቀስ ብለው ጻፉልኝ። ወረቀቱ ግድግዳዬ ላይ ነው። የጃፓኑን ግን አሁንም እፈልገዋለሁ፣ አልዋሽም።