ቸኮሌቱን በእውነት ስንቀምሰው
(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ፣ ኦሞራቴ፣ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



ከሒሳብ ክፍል ሲባል ገቢና ወጪ ልናነብላችሁ የተነሣን መስሏችሁ ይሆናል። እሱ ከሰዓት በኋላ ይቀርባል። አሁን የምንነግራችሁ ስለ ቸኮሌት ነው። ስትስቁ እያየን ነው፤ እኛም መጀመሪያ ስቀን ነበር።

ነገሩ የሚጀምረው ከአንድ ደብዳቤ ነው። ባለፈው ዓመት ወዳጆቻችን አንድ ካርቶን ጥቁር ቸኮሌት ላኩልን። ስድስቱ ዓይነት ጣዕም የተጨመረባቸው ናቸው፦ የብርቱካን ልጣጭ፣ የባሕር ጨው፣ ዝንጅብል፣ ቡና፣ ናና እና በርበሬ። ሰባተኛው ምንም ያልተጨመረበት፣ 85 በመቶ ኮኮዋ የሆነ ነው። አብራ የመጣችው ወረቀት ሁለት ነገር ትጠይቃለች። አንደኛ፣ ቀምሳችሁ የወደዳችሁትን ንገሩን። ሁለተኛ፣ በሱቃችሁ ለቱሪስት ብትሸጡት ያዋጣችኋል ወይ?

እኛም ሳምንት ሳይሞላ መልስ ጻፍን። «ሁሉም እጅግ ጣፋጭ ነው፤ አባሎቻችን በጣም ተደስተዋል» ብለን ማኅተም መትተን ላክን። እውነቱ ግን ሌላ ነበር። ካርቶኑ ሲከፈት ቸኮሌቱ በመንገድ ቀልጦ ተመልሶ ደርቆ ነበር። ላዩ ነጭ ነጭ ብሎ ስላየነው ሻግቷል ብለን ግማሹን ጣልነው። ከቀረው ከቀመስነው መካከል ደግሞ ዞር ብለን በመሐረብ የተፋነው ጥቂቶች አይደለንም። ይህን ሁሉ ትተን «ጣፋጭ ነው» ያልነው ስጦታ ማንቋሸሽ ነውር ስለመሰለን ነው።

ደረሰኝ ሳናይ አንዲት ብር ወጪ የማንመዘግብ ሰዎች፣ በቅጡ ሳንቀምስ ማኅተም መታን። ደብዳቤው ደግሞ ደብዳቤ ብቻ ሆኖ አልቀረም። ወዳጆቻችን ደስ ብሏቸው ሁለተኛ ካርቶን ላኩ። በኮሚቴም «እንዲህ ከተወደደ ከተዘዋዋሪ ብድሩ ላይ አንሥተን ለሱቁ እንግዛ» የሚል ሐሳብ መጣ። ተዘዋዋሪ ብድር ማለት በየወሩ ከመቀነታችሁ ፈትታችሁ የምታስቀምጡት ገንዘብ ነው። እኛ ባልቀመስነው ነገር የእናንተ ቁጠባ ሊወጣ ነበር። ስለዚህ ሁለተኛው ካርቶን ሲደርስ በሥርዓት እንዲቀመስ ተወሰነ።

መጀመሪያ ያጠናነው ሙቀቱን ነው። የኮኮዋ ቅቤ የሚቀልጠው በ34 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። የሰው ሰውነት 37 ስለሆነ ነው ቸኮሌት አፍ ውስጥ ሲገባ ሳይታኘክ የሚሟሟው። ኦሞራቴ ግን ከሰዓት በኋላ ከዚያ በላይ መሞቁ የዘወትር ነገር ነው፤ እዚህ አፍ ሳይደርስ እጅ ላይ ያልቃል። ነጩ ነገርም ሻጋታ አልነበረም። ቸኮሌት ቀልጦ ቀስ ብሎ ሲደርቅ ቅቤው ወደ ላይ ወጥቶ ነው እንዲያ የሚያነጣው። በጣት ሙቀት ሲታሽ ይጠፋል፤ ሻጋታ ግን ጸጉር ያወጣል፣ ይሸታል። ነጩ ጣዕሙንና ልስላሴውን ይቀንሰዋል እንጂ ሰው አይጎዳም። በጣልነው ግማሽ ካርቶን አዝነናል።

ማቀዝቀዣ ስለሌለን ሁለተኛውን ካርቶን በፌስታል ደህና አድርገን ጠቀለልነው፤ እርጥበት ከነካው ስኳሩ ይሟሟልና። ከዚያ በእንስራ ውስጥ አስቀምጠን እንስራውን በእርጥብ ጆንያ ሸፈንነው። ቅምሻውንም ፀሐይ ሳትበረታ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ አደረግነው።

አቀማመሱን የተማርነው ከራሳችን አገር ሙያ ነው። የቡና ቀማሾቻችን የማን ቡና እንደሆነ ሳያውቁ፣ በቁጥር ብቻ በተለየ ስኒ ቀምሰው ከመቶ ነጥብ ይሰጣሉ፤ 80 እና ከዚያ በላይ ያገኘው ልዩ ጣዕም ያለው ቡና ይባላል። በ2012 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በኢትዮጵያ የተካሄደው የካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ ውድድርም የዳኘው እንዲህ ባለ ቅምሻ ነው። እኛም ቸኮሌቱን ከነወረቀቱ አውጥተን፣ ቆርሰን፣ ከ1 እስከ 7 ቁጥር በተጻፈባቸው ሳህኖች አቀረብነው። ምንም ያልተጨመረበትን አስቀደምን፤ ናናና በርበሬ አፍ ላይ ስለሚቆዩ መጨረሻ አደረግናቸው። በየመካከሉ አፋችንን በውኃ ተጉመጠመጥን።

ቀማሾቹ 18 ነበርን። መጀመሪያ ማሽተት፣ ቀጥሎ መስበር ነው። ደህና የተያዘ ቸኮሌት ሲሰበር ቀጭ ይላል፤ የቀለጠው ዝም ብሎ ይታጠፋል። ከዚያ ሳይኝኩ ምላስ ላይ ማቆየት፣ ከዋጡ በኋላም የሚቀረውን ጣዕም መጠበቅ ነው። መጻፍ የማንችል ስላለን ነጥቡን በበቆሎ ፍሬ ሰጠን። እያንዳንዳችን ለየሳህኑ ከአንድ እስከ አሥር ፍሬ፣ ጨርቅ በተሸፈነ ኩባያ ውስጥ እንጨምራለን። ፍሬው ሁሉ እስኪገባ ማውራት ክልክል ነው። አንዲት እናት «ይጣፍጣል!» ካለች ልጆቿ «ይመርራል» እንደማይሉ እናውቃለን።

ብርቱካኑ ያለ ክርክር አንደኛ ወጣ። የልጣጩ መራራነትና የኮኮዋው መራራነት ተስማምተዋል፤ ሽታውም ከመስበራችን በፊት አወደን። ጨው ያለበት ሁለተኛ ሆነ። ቡና በጨው ጠጥተን ላደግን ሰዎች እንግዳ አልሆነብንም፤ ጨው መራራነትን እንደሚያለዝብ ማንም አላስተማረንም። ዝንጅብሉ ደህና ነበር፣ ግን ስኳሩ በዛበት። በቡናው ላይ ጨካኝ ዳኞች ሆንን፤ በየቀኑ እየቆላን የምንጠጣ ሰዎች ስለሆንን «ይህ ቡና ከተቆላ ቆይቷል» ለማለት አንድ ቁራሽ በቃን። በርበሬው መጀመሪያ ዝም ብሎ ቆይቶ ጉሮሮ ላይ ነው የሚነሣው፤ ግማሾቻችን አስቆን ደጋግመነዋል፣ ግማሾቻችን ውኃ ጠይቀናል። ናናው የመጨረሻውን ነጥብ አገኘ። አንዲት እህት «የጥርስ ሳሙና ነው» ካለች በኋላ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልንም። እግዜር ይስጣት፣ ያለችው ፍሬው ኩባያ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው።

የሒሳብ ክፍሉን ያስተማረው ግን ምንም ያልተጨመረበት 85 በመቶው ነው። አማካይ ነጥቡ 5 ሆነ። «መካከለኛ ነው» ብለን ልንመዘግብ ስንል ኩባያዎቹን አንድ በአንድ ተመለከትን፤ 5 የሰጠ አንድም ሰው የለም። ዘጠኙ 8 ወይም 9 ሰጥተዋል፤ ዘጠኙ 1 ወይም 2። አማካዩ የማንንም አፍ አይናገርም ነበር። ዝቅተኛ የሰጠነው በአብዛኛው ሻይ በሦስት ማንኪያ ስኳር የምንጠጣ የከተማ ልጆች ነን። ከፍተኛ የሰጡት የቡና ገለባ አፍልተው ያለ ስኳር በቅል የሚጠጡ የዳሰነች እናቶቻችን ናቸው። ለምን እንደወደዱት ስንጠይቅ አንዷ በልጇ አስተርጓሚነት እንዲህ አሉ፦ «መራራ እናውቃለን። ሌሎቹ መራራውን ይደብቁታል፤ ይኸኛው አልደበቀም።» ካሁን በፊት ሪፖርት ላይ «አባላቱ በአማካይ ረክተዋል» ስንል የእኚህን እናት ድምፅ ስንት ጊዜ እንደዋጥነው አሰብን።

ከቅምሻው በኋላ ወረቀቱን አነበብን። ሁለት ነገር ልብ በሉ። የመጀመሪያው ጾምን የሚመለከት ነው። ጥቁር ቸኮሌት ብዙውን ጊዜ ወተት አይገባበትም፤ ነገር ግን የወተት ቸኮሌት በሚሠራበት ማሽን ስለሚሠራ «የወተት ርዝራዥ ሊኖርበት ይችላል» የሚል ጽሑፍ አለበት። የሚጾሙ እህቶቻችን ይህን አውቀው ራሳቸው እንዲወስኑ ቅምሻውን ከረቡዕና ከዓርብ ውጪ አደረግነው። ሁለተኛው ስኳር ነው። «ጥቁሩ ለስኳር በሽተኛ መድኃኒት ነው» የሚል ወሬ በመካከላችን ሲዞር ሰምተናል። 70 በመቶ ማለት ከመቶ ግራም 70ው ከኮኮዋ የመጣ ነው ማለት ነው፤ ቀሪው 30 ግራም በአመዛኙ ስኳር ነው። በሻይ ማንኪያ ሰባት ይሆናል። ጣዕም የተጨመረባቸው ደግሞ ኮኮዋቸው ከዚያም ያነሰ ነበር። ስኳር ያለባችሁ እናቶቻችን፣ ሐኪማችሁን ሳትጠይቁ በዚህ አትታለሉ።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ለሱቁ ይገዛ ወይ? መልሳችን አይገዛ ነው። አንደኛ፣ ማቀዝቀዣ በሌለበት ሱቅ ቸኮሌት ከሰዓት በኋላ አይሸጥም፤ የቀለጠ ዕቃ ኪሳራ ነው። ሁለተኛ፣ አቅርቦቱ በእጃችን አይደለም። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. መንግሥት የውጭ ምንዛሪ ከከለከላቸው 38 ዓይነት ዕቃዎች መካከል ቸኮሌት ይገኝበት ነበር፤ ክልከላው የተነሣው በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ነው። ሦስተኛ፣ ዋጋው ይዋዥቃል። የዓለም ኮኮዋ ከግማሽ በላይ የሚመጣው ከኮትዲቯርና ከጋና ሲሆን፣ በዚያ ምርት ሲጎድል በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. የአንድ ቶን ዋጋ ከ12,000 የአሜሪካ ዶላር አልፎ ነበር። የእናንተን ቁጠባ እዚህ ውስጥ አናስገባም።

እዚህ ላይ ብናቆም ደስ ባለን። ነገር ግን በኩባያና በበቆሎ መዳኘት ከለመድን በኋላ አንዲት እናት «የራሳችንንስ?» ብለው ጠየቁ። ሱቃችን የሚሸጠውን ሰሊጥ በማር በዚያው ሥርዓት፣ በቁጥር ብቻ፣ ከገበያ ከገዛነው ጋር አቀረብን። የእኛ ዝቅ ያለ ነጥብ አገኘ። ሰሊጡ ከልክ በላይ ተቆልቷል፤ የቆየ ዘይት ይሸታል። ይህ በአንድ ቀን የመጣ አይደለም። ለወራት ሁላችንም እያወቅን «እጅሽ ይባረክ» እያልን ነበር፤ የምትሠራው እህታችን ናትና። ለወዳጆቻችን የጻፍነውን ዓይነት ደብዳቤ በየሳምንቱ ፊቷ ላይ እንጽፍላት ነበር ማለት ነው፤ ደንበኛው በዚህ መካከል ቀነሰ።

ነጥቡን ስትሰማ አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ ሁለት ስብሰባ ቀርታለች። ዛሬም ወንበሯ ባዶ ነው። ጥፋቱ የእሷ አይደለም። በመጀመሪያው ሳምንት ለብቻዋ ጠርተን «እሳቱን ቀንሺለት» ብንላት ኖሮ በ18 ሰው ፊት ባልሰማችው ነበር። እውነት ሲዘገይ ይከብዳል፤ ያከበድነው እኛ ነን። ከጉባኤው በኋላ ቤቷ ሄደን ይቅርታ የምንጠይቅ ስላለን፣ አብራችሁን መምጣት የምትፈልጉ በር ላይ ጠብቁን።

ለወዳጆቻችንም ደብዳቤውን አርመን ልከናል። እንዲህ ይላል፦ «ያለፈው ደብዳቤያችን ትክክል አልነበረም። የመጀመሪያውን ካርቶን ግማሹን ጣልነው፤ ከቀረው የተፋነው አለ። ሁለተኛውን ቀምሰናል፤ ነጥቡን ልከናል። ብርቱካኑንና ጨዉን ወደናል፣ ናናውን አልወደድንም፣ በ85ቱ ላይ ተከፋፍለናል። ለሱቃችን አይሆንም። በሚቀጥለው ዓመት በቸኮሌቱ ፈንታ አንድ ሚዛንና ክዳናቸው የሚገጥም ዕቃዎች ብትልኩልን ሰሊጣችን ሳይበላሽ ይቆያል። ላሰባችሁን እግዚአብሔር ይስጥልን።» ስንልከው ፈርተን ነበር። የመጣው መልስ አጭር ነው፤ ሚዛኑ ስንት ኪሎ እንዲመዝን እንደምንፈልግ ይጠይቃል።

ከሰዓት በኋላ ሒሳቡ ሲነበብ በበሩ በኩል ሦስት ሳህን ታገኛላችሁ፤ በሦስት ዓይነት እሳት የተቆላ ሰሊጥ ነው። ኩባያውና የበቆሎው ፍሬ አጠገቡ አለ። ቅመሱና ያላችሁን ጨምሩ። ስም አይጠየቅም።