መብራት ሲጠፋ የማይወርድ ወንበር
(ሰቆጣ ላይ በተደረገው የአባላት ስብሰባ የቀረበ ንግግር)



ባለፈው ስብሰባ አንዲት እናታችን «የማር መጭመቂያ ሳይኖረን የሚወዛወዝ ወንበር ምን ያደርግልናል?» ብለው ጠይቀው ነበር። ተገቢ ጥያቄ ነው። ብረት ሥራ ላይ ያለሁት እኔ ስለሆንኩ መልሱን እንዳቀርብ ታዝዣለሁ።

ልጆቻችን ሊሠሩ ያሰቡት መኪና መንዳት መለማመጃ ነው። ከፊት ኮምፒውተር፣ መሪና ፔዳል አለ። ከወንበሩ ሥር መሐል ላይ ከአሮጌ መኪና የተፈታ ክሮቸራ ይቀመጣል፤ ከኋላ ሁለት ገፊ ክንዶች ወንበሩን እየገፉና እየሳቡ ያዘነብሉታል። ወደ ኮረም የሚወስደውን ጠመዝማዛ መንገድ ገደል ሳይኖር መልመድ ማለት ነው። አዲስ አበባ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አብራሪዎች የሚሠለጥኑበት ሲሙሌተር ስድስት እንዲህ ያሉ እግሮች አሉት። በኅዳር 2008 ዓ.ም. ሴቶች ብቻ ሆነው አውሮፕላን ወደ ባንኮክ ሲያበሩ መሪያቸው ካፒቴን አምሳለ ጓሉ ነበረች። የአየር መንገድ አብራሪ በሲሙሌተር ሳትፈተን ተሳፋሪ አትጭንም።

ነገሩ ከትልቅ ፋብሪካ ብቻ የሚወጣም አይደለም። አሜሪካዊው ኤድዊን ሊንክ በ1929 እ.ኤ.አ. ዝነኛውን የበረራ መለማመጃ የሠራው በአባቱ የፒያኖና የኦርጋን ፋብሪካ ሲሆን፣ የሚያነቃንቀውም የኦርጋን ወናፍ ነበር። ወናፍ ደግሞ ለእኛ አገር ቀጥቃጭ እንግዳ አይደለም።

ገፊ ክንድ ማለት በአጭሩ ሞተር የሚያዞረው ክሪክ ነው። ጥርስ የወጣለት ዘንግ ቱቦ ውስጥ ይዞራል፤ ዳዶው አብሮ እንዳይዞር ስለታገደ ዘንጉን ተከትሎ ይሄዳል፣ ወንበሩንም ይገፋል። ዘንጉ አንዴ ሲዞር ዳዶው 4 ሚሊ ሜትር ከሄደ፣ በደቂቃ 1500 ጊዜ የሚዞር ሞተር በሰከንድ 10 ሳንቲ ሜትር ይገፋል። ለመንዳት ልምምድ ይበቃል።

አሁን ወደ ክርክራችን ልምጣ። ልጆቹ የፈለጉት ውስጡ ትንንሽ ኳሶች ያሉበትን ዳዶ ነው። ፈጣን ነው፣ ፍትጊያ የለበትም ማለት ይቻላል፤ ውጭ አገር በቤታቸው የሚሠሩት ብዙዎቹም እሱን ይመርጣሉ። ነገር ግን ፍትጊያ የሌለው ነገር የሚይዘውም የለም። ሞተሩ ፍሬን ከሌለው፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ወንበሩ ከነሰውዬዋ ይወርዳል። ሰቆጣ ላይ ሆኖ መብራት አይጠፋም ብሎ የሚገምት ካለ እጁን ያውጣ!

ተራው ባለ ጥርስ ዘንግ ከነሐስ ዳዶ ጋር ግን እንደ ክሪክ ባለበት ይቆማል። ዋጋ ያስከፍላል፤ ከሞተሩ ጉልበት ከግማሽ በላይ የሚሆነው በፍትጊያ ሙቀት ሆኖ ይባክናል፣ ግራሶም ይፈልጋል። ነሐሱ ከብረቱ ቀድሞ ያልቃል፤ እሱ ጥሩ ነው፣ የሚለወጠው ርካሹ ዳዶ ይሆናል። ጥርሱ ፈጽሞ ካለቀ ግን ወንበሩ ይወድቃልና ከሥሩ ጭነት የማይነካው ሁለተኛ ዳዶ ይታሰርለት። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ሲጠብ ዋናው ዳዶ እያለቀ መሆኑ ይታወቃል። እኔ ይህን እመርጣለሁ።

እናታችን የጠየቁት መጭመቂያም እዚሁ ላይ ነው። ከባህላዊ ቀፎ የሚቆረጥ የማር እንጀራ ፍሬም ስለሌለው በማሽከርከሪያ ማጣሪያ አይመችም፤ መጨመቅ አለበት። ሞተሩን ትተን በእጀታ ብናዞረው ያው ዘንግና ዳዶ ማር ይጨምቃል። ኳስ ያለው ዳዶ ይህን ሥራ አይወድም፤ እጀታውን ስንለቀው ወደ ኋላ ይመለሳል። ማሩን የሚነካው ክፍል ሁሉ የማይዝግ ብረት ይሁን፣ ግራሶው ከማሩ ይራቅ።

ስለዚህ የምጠይቀው የወንበሩ ገንዘብ እንዳይታጠፍ ነው። የሁለቱ ክንዶች ዘንግና ዳዶ ሲገዛ ለመጭመቂያው አንድ ተጨማሪ፣ ከማይዝግ ብረት የሆነ፣ አብሮ ይገዛ። ዳዶውን ቶርኒዮ ላይ የሚያወጡት ልጆቹ ራሳቸው ይሁኑ። ወንበሩ ላይም በመጀመሪያ ሰው አይቀመጥ፤ አንድ ጆንያ እህል ይቀመጥ። ክንዱ ዳር ሲደርስ ሞተሩን የሚያጠፋው ማጥፊያ በሁለቱም በኩል መሥራቱ ይታይ፣ ከዚያ መብራቱ ሆን ተብሎ ይቆረጥና ጆንያው ባለበት መቆየቱ ይታይ። ያን ቀን እናንተም መጥታችሁ እዩ፤ እናታችን ደግሞ ማሩን ይዘው ይምጡ።