«ጋዝ አልቋል»

እሷ፦ ከየካቲት እስከ መጋቢት የጋምቤላ ሙቀት 40 ዲግሪ ይጠጋል። ኤሲ ያለው ሰው ታዲያ በየዓመቱ «ጋዝ አልቋል» ይባላል፤ ይከፍላል።

እሱ፦ ካለቀ ምን ይደረግ?

እሷ፦ ኧረ አያልቅም! በተዘጋ ቱቦ ነው የሚዞረው። ከጎደለ የሆነ ቦታ ያፈስሳል። ቀዳዳውን ሳይፈልግ የሚሞላ ባለሙያ ከርሞም ይመጣል።

እሱ፦ ርካሹ ግን እሱ ነው።

እሷ፦ ለዛሬ ነዋ! ደግሞ ፊልትሮውን ራሳችሁ እጠቡት። በበጋ በአቧራ ሲደፈን ማቀዝቀዙ ይቀንሳል፤ ብዙዎች ይሄን ነው በጋዝ የሚያሳብቡት።

እሱ፦ እሺ፤ መብራት ከፍ ዝቅ እያለ ኮምፕረሰሩን ሲያቃጥለውስ? ባለሙያው ምን ያድርግ?

እሷ፦ ልክ ነህ፤ ለዚያ ስታቢላይዘር ነው። ባለሙያው ግን ሳይፈታ ዋጋ ይናገር፣ የጋዝ ግፊት መለኪያ ይያዝ፣ የቀየረውን አሮጌ ዕቃ ያስረክብ።

እሱ፦ እኔ እንኳ በቬንትሌተሬ ነኝ። ካፓሲተር ነው የሚያስቸግራት።